የጡት ካንሰር ሕክምና፦ ከመጀመሪያው እርምጃ በፊት መቀመጥ ያለበት ቡድን

አንዲት ሴት ጡቷ ላይ የተገኘው እብጠት ካንሰር መሆኑ ሲነገራት፣ ከድንጋጤው ቀጥሎ የእርሷም የቤተሰቧም ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «መቼ ነው የሚወጣው?» የሚል ነው። ሐኪሙ «መጀመሪያ ምርመራው ይሟላ፣ ከዚያ በቡድን እንመካከርበት» ሲል ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ቅር ይለዋል። ቀጠሮ ማብዛት፣ ማጓተት፣ አንዳንዴም ተስፋ መቁረጥ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በጡት ካንሰር ላይ ከሚወሰዱት እርምጃዎች አንዳንዶቹ አንዴ ከተፈጸሙ ወደኋላ አይመለሱም። የትኛው እንደሚቀድም መምረጥ የሚቻለውም ከመጀመሪያው እርምጃ በፊት ብቻ ነው። የተለያየ ሙያ ያላቸው ሐኪሞች በአንዲት ታማሚ ጉዳይ ላይ አብረው ስለሚመክሩበት የቡድን ሕክምና ሲወራ የባለሙያዎቹ ብዛት ጎልቶ ይነገራል። እኔ ግን ከብዛታቸው ይልቅ የሚቀመጡበት ጊዜ ይበልጣል ባይ ነኝ። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚሰበሰብ ቡድን ግማሽ ሥራው አምልጦታል።

ለመሆኑ አንድ ጎበዝ ሐኪም ብቻውን ለምን አይበቃም? በጡት ውስጥ የሚነሣው ካንሰር አንድ ዓይነት በሽታ ስላልሆነ ነው። ከአሥር ታማሚዎች በሰባቱ ገደማ ላይ የካንሰሩ ሴሎች ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚይዙበት ተቀባይ አላቸው፤ ዕጢው የሚያድገውም በዚህ ሆርሞን እየታገዘ ነው። ከመቶ ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ሄር2 የተባለ ፕሮቲን በሴሎቹ ገጽ ላይ ከመጠን በላይ ይበዛና ዕጢው በፍጥነት እንዲያድግ ያደርገዋል። ሁለቱም ጠባዮች በአንድ ዕጢ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ከመቶ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ደግሞ የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባዮች የሉም፣ ሄር2ም አልበዛም። ሐኪሞች «ትሪፕል ኔጋቲቭ» የሚሉት ይኸኛውን ሲሆን በወጣት ሴቶች ላይ በርከት ብሎ ይታያል። በማሞግራም (በጡት ራጅ) ላይ ሲታዩ የሚመሳሰሉ፣ ስፋታቸውም እኩል የሆነ ሁለት ዕጢዎች እንግዲህ በሕክምና ዓይን ፈጽሞ የማይገናኙ ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛዋ ታማሚ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለዓመታት የምትውጠው የሆርሞን ክኒን ሕይወቷን ሊያተርፍላት ይችላል። ሁለተኛዋ ያንኑ ክኒን ብትውጥ ከጎንዮሽ ጉዳቱ በቀር የምታገኘው ነገር የለም። ለእያንዳንዷ ታማሚ በልኳ ሕክምና ማዘጋጀት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ልዩ እንክብካቤ ወይም ድሎት አድርጎ ማሰብ አይገባም።

የዕጢውን ጠባይ የሚነግረን ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም ነው። ታማሚዋ ምናልባት ፊቱን አይታ የማታውቀው ሰው ነው። ቀሪው ቡድን ሁሉ ግን በእርሱ ወረቀት ላይ ቆሞ ነው የሚከራከረው። ስለዚህ ናሙናው እንዴት እንደተወሰደና እንዴት እንደተያዘ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጉዳይ ለታማሚዎች የሚነገረው በጣም ጥቂት ነውና። በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና የተበታተኑ ሴሎችን ብቻ ስለሚያወጣ ካንሰር መኖሩን ሊጠቁም ይችላል፣ ሙሉውን መልስ ግን አይሰጥም። ወፈር ባለ መርፌ የሚወጣው ዘንግ መሰል ቁራጭ ሥጋ ነው ካንሰሩ በዙሪያው ያለውን ሕብረ ሕዋስ መውረር አለመውረሩንም፣ ተቀባዮቹንም በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያሳየው። ቁራጩ ከሰውነት እንደወጣ ፎርማሊን ወደተባለው የናሙና ማቆያ ፈሳሽ መግባት አለበት፤ ቢዘገይ ከአንድ ሰዓት ማለፍ የለበትም። በፎርማሊን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ እንዲሆን መመሪያዎች ያዛሉ። አንዲት ብልቃጥ ያለ ፎርማሊን ጠረጴዛ ላይ ብትረሳ ወይም ናሙናው ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ከልክ በላይ ተነክሮ ቢቆይ፣ በሴሎቹ ላይ ያሉት ተቀባዮች እየተበላሹ ይሄዳሉ። በውጤቱ የሆርሞን ተቀባይ ያላት ሴት «የላትም» ተብሎ ሊጻፍባት ይችላል። አንድ ቃል ተሳስቶ ተጻፈ ማለት የአምስት ዓመት መድኃኒት ቀረ ማለት ነው።

የሄር2 ውጤትም ከዜሮ እስከ ሦስት በሚደርስ ነጥብ ይሰጣል። ሦስት ከሆነ ግልጽ ነው። ሁለት ከሆነ አጠራጣሪ ስለሆነ የጂን ምርመራ ይጨመርበታል። ቀደም ሲል አንድና ዜሮ ያው ነበሩ፤ ከ2022 ወዲህ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ግን ዝቅተኛ የሄር2 መጠን ላላቸው፣ በሽታው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ለተሰራጨባቸው ታማሚዎች የሚሆን መድኃኒት በመገኘቱ ልዩነቱ ትርጉም አግኝቷል። በስብሰባው ላይ ፓቶሎጂስት ከሌለ ይህን የሚያብራራ ሰው የለም፤ ወረቀቱ ብቻውን አይከራከርም።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ እንምጣ። ሄር2 የበዛበት ወይም ትሪፕል ኔጋቲቭ የሆነ፣ ከሁለት ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ወይም በብብት ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች የደረሰ ካንሰር ሲያጋጥም፣ ዛሬ በአብዛኛው መድኃኒት ይቀድማል፣ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። ለቤተሰብ ይህን መቀበል ከባድ ነው። «ካንሰሩን ውስጧ አስቀምጦ ለወራት ኬሞቴራፒ መስጠት ምን ማለት ነው?» ይላሉ። አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ ዕጢው ሲያንስ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ላያስፈልግ ይችላል፣ ከብብት የሚወጣውም ይቀንሳል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጥ ክብደት ያለው ነው። ዕጢው በቦታው እያለ መድኃኒት ሲሰጥ፣ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ በዓይን ይታያል። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ በወጣው ሥጋ ላይ አንድም የካንሰር ሴል ካልተገኘ ተስፋው ከፍ ያለ ነው። ቅሪት ከተገኘ ደግሞ ቀጣዩ መድኃኒት ይቀየራል። በ2018 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት፣ ሄር2 የበዛበት ካንሰር ኖሯቸው ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ ቅሪት የተገኘባቸውን ሴቶች ተከታትሎ ነበር። ሄር2ን የሚያግደውን ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ብቻውን ከቀጠሉት ይልቅ፣ ኬሞቴራፒ የታከለበት ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን በተሰጣቸው ላይ ወራሪው ካንሰር የመመለስ ወይም የሞት አደጋ በግማሽ ቀንሷል። እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት ዕጢዋ ተቆርጦ የወጣላት ሴት ይህን መረጃ የምታገኝበት መንገድ ተዘግቷል። የቀዶ ሐኪሙ እጅ የተባረከ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ግን ተሳስቷል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

መድኃኒት የሚቀድም ከሆነ ራዲዮሎጂስቱ፣ ማለትም የምስል ምርመራ ሐኪሙ፣ አስቀድሞ የሚሠራት አንዲት ትንሽ ሥራ አለች። በአልትራሳውንድ እየተመራ በዕጢው መካከል ከሩዝ ፍሬ የምታንስ የብረት ምልክት ያስቀምጣል። መድኃኒቱ በደንብ ከሠራ ዕጢው ከነአካቴው ሊጠፋ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ የቱን ቦታ እንደሚቆርጥ የምትነግረው ያቺ ምልክት ናት። ምልክቷን ማስቀመጥ ከተረሳ፣ የመድኃኒቱ ስኬት ራሱ ችግር ይሆናል። ኦንኮሎጂስቱ (የካንሰር መድኃኒት የሚያዝዘው ሐኪም) ኬሞቴራፒውን ከማዘዙ በፊት ራዲዮሎጂስቱንና ቀዶ ሐኪሙን ካላነጋገረ ይህ ስሕተት ሊደርስ ይችላል፤ ሦስቱም በየሙያቸው ምንም ሳያጠፉ።

የተገላቢጦሹም አለ። ዕጢዋ ትንሽ የሆነ፣ ወደ ብብት ያልደረሰ፣ የሆርሞን ተቀባይ ያለውና ሄር2 ያልበዛበት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል፤ ኬሞቴራፒም ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። በ2018 ውጤቱ የታተመውና ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በዕጢው ውስጥ 21 ጂኖችን በሚመረምር ዘዴ ተጠቅሞ ነበር። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑና በዚህ ምርመራ የተሰጣቸው ነጥብ ከ25 ላልበለጠ ሴቶች ኬሞቴራፒ መጨመሩ ጥቅም እንዳላመጣ አሳይቷል። ወጣት ከሆኑት አንዳንዶቹ ግን ጥቂት ጥቅም አግኝተዋል። ይህ ምርመራ በየቦታው አይገኝም፤ ባይገኝም የዕጢውን ደረጃ፣ ስፋት፣ የመከፋፈል ፍጥነትና የሆርሞን ተቀባዩን መጠን አገናዝቦ መወሰን ይቻላል። ሰው ብዙ ሐኪም ሲሰበሰብ ብዙ ሕክምና ይታዘዛል ብሎ ያስባል። ጥሩ ቡድን ከሚሠራቸው ሥራዎች ትልቁ ግን የማያስፈልገውን ሕክምና ማስቀረት ነው።

የጡት ካንሰር ታሪክም በአብዛኛው የመቀነስ ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ ጡትን ከደረት ጡንቻና ከብብት ዕጢዎች ጋር ጠርጎ የማውጣትን ዘዴ አስፋፋ፤ ዘዴው ለአሥርት ዓመታት ሳይነቀነቅ ቆየ። ብዙ መቁረጥ ብዙ ማዳን ይመስል ነበር። በአሜሪካ በርናርድ ፊሸር፣ በጣሊያን ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ ይህን እምነት ለፈተና አቀረቡት። በ2002 የታተመው የሁለቱም የ20 ዓመት ክትትል፣ ጡታቸው ተርፎ ዕጢው በዙሪያው ካለው ሥጋ ጋር ወጥቶ ጨረር የተሰጣቸው ሴቶች፣ ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ከተወገደው እኩል እንደኖሩ አሳየ። ውጤቱ የቆመው ግን ቀዶ ሕክምናና ጨረር ተጣምረው በሠሩበት ሥራ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ጡቷን አትርፎላት ጨረሩን ሳያገኝላት የሚሸኛት ሐኪም ግማሽ ሕክምና ሰጥቷታል። ሴትየዋ ጨረር ወደሚሰጥበት ቦታ መመላለስ የማትችል ከሆነ ወይም ቀደም ሲል ደረቷ ላይ ጨረር ወስዳ ከሆነ፣ ይህ መታወቅ ያለበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። ጨረሩ ራሱም አጥሯል፤ አምስትና ስድስት ሳምንት ይወስድ የነበረው ዛሬ በአብዛኛው ሦስት ሳምንት ይበቃዋል፤ ለአንዳንዶች በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ፣ ዕጢያቸው ትንሽና የሆርሞን ተቀባይ ያለው ሴቶች ደግሞ የሆርሞን ክኒኑን በአግባቡ ከወሰዱ ጨረሩን መተው ይችሉ ይሆናል።

እስካሁን ያልነው ስለ ዕጢው ነው። ዕጢው ግን በሰው ውስጥ ነው ያለው። የ34 ዓመት ሴት፣ ልጅ መውለድ ትፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ያለባት ኬሞቴራፒው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ እንቁላል አውጥቶ ማስቀመጥ ሁለት ሳምንት ገደማ የሚወስድ ሥራ ነውና። ከሦስተኛው ዙር ኬሞቴራፒ በኋላ የተጠየቀ ጥያቄ ቁስል ከመንካት በቀር አይጠቅምም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ኬሞቴራፒ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ሊሰጣት ይችላል፤ ጨረርና የሆርሞን ክኒን ግን ወልዳ እስክትገላገል ይቆያሉ። የወር አበባዋ ያልቆመ ሴት የምትወስደው የሆርሞን ሕክምና ካረጠችው ይለያል፤ አሮማቴዝ አጋጅ የሚባሉት ክኒኖች የእንቁላል ዕጢዎቿ ሥራ ካልቆመ ብቻቸውን አይሠሩላትም። ትራስቱዙማብ ልብን ሊያደክም ስለሚችል፣ የምትወስደው ሴት ሁሉ የልብ አልትራሳውንዷ በየሦስት ወሩ መታየት አለበት። በቤተሰቧ ውስጥ የጡት ወይም የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ካለ ብራካ የተባሉት፣ ሲበላሹ የእነዚህን ካንሰሮች አደጋ የሚጨምሩት ጂኖች ምርመራ ይታሰባል፤ ውጤቱ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት፣ አንዳንዴም መድኃኒቱን ይለውጣል፣ ለእህቶቿና ለልጆቿም ይተርፋል። ወንዶችም ይታመማሉ፤ ከመቶ ታማሚዎች አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰው ወንድ ነው፣ ጂኑ በእርሱም ላይ መመርመር አለበት።

ስለ ፋርማሲ ባለሙያው አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፤ ከቡድኑ አባላት ሁሉ በቀላሉ የሚረሳው እርሱ ነውና። ታሞክሲፌን የተባለው የሆርሞን ክኒን እንደተዋጠ በሙሉ ኃይሉ አይሠራም። ጉበት ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ጠንካራው መልኩ መለወጥ አለበት። ካንሰር የያዛት ሴት ደግሞ በጭንቀትና በድብርት ብትያዝ የሚያስገርም አይደለም፤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ፍሉኦክሰቲን ወይም ፓሮክሰቲን ይታዘዝላታል። ሁለቱም ያንኑ ኢንዛይም አጥብቀው ያግዱታል። እንቅልፏ ተስተካክሎ፣ መንፈሷ ተረጋግቶ፣ የካንሰር ክኒኗ ግን አቅሙን ሊያጣ ይችላል፤ ምንም የሚሰማት ነገር ስለማይኖር አታውቀውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኢንዛይሙን እምብዛም የማይነካ ሌላ የድብርት መድኃኒት መምረጥ ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ አንድ ቦታ ዘርዝሮ የሚያይ ሰው ሲኖር ነው። በራሷ ፈቃድ መድኃኒት ማቆምም መዘዝ ስላለው፣ ይህን ያነበበች ታማሚ ሐኪሟን ሳታነጋግር አንዱንም እንዳትተው።

ስብሰባው ራሱ ምን ይመስላል? ብዙ ሆስፒታሎች በሳምንት አንድ ቀን ይይዙለታል። የማሞግራሙና የአልትራሳውንዱ ምስል ግድግዳው ላይ ይታያል፣ ራዲዮሎጂስቱ ስፋቱንና ቦታውን ያስረዳል፣ ፓቶሎጂስቱ ውጤቱን ያነባል፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ ኦንኮሎጂስቱና የጨረር ሐኪሙ አሳባቸውን ይሰጣሉ። ምስሉና ናሙናው ካልተጣጣሙ፣ ማለትም ምስሉ ካንሰር እየመሰለ ናሙናው ንጹሕ ከተባለ፣ ጉዳዩ ተዘግቶ አይታለፍም፣ ናሙናው እንደገና ይወሰዳል። ለአንዲት ታማሚ የሚውለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ታማሚዋ ራሷ በአብዛኛው አትገኝም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ነው። በክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው አነጋግሯት የማያውቅ ከሆነ፣ ውሳኔው ለዕጢ እንጂ ለሰው የተሰጠ አይደለም። ስለ እርሷ አፍ ሆና የምትናገረው ብዙውን ጊዜ ነርሷ ናት። ቤት ውስጥ የምታስታምመው እናት እንዳለቻት፣ መርፌ እንደምትፈራ፣ በሽታው እንዳይመለስ ስትል ጡቴ ሙሉ በሙሉ ይወገድልኝ እንዳለች የምታውቀው ነርሷ ናት። የቡድኑ ቃል ምክር እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ከስብሰባው በኋላ ሐኪሙ ለታማሚዋ አቅርቦ፣ አማራጮቹን አስረድቶ፣ የመጨረሻው ቃል የእርሷ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ድካም ውጤት አለው ወይ ለሚል፣ በስኮትላንድ የተደረገ ጥናት ጥሩ ማስረጃ ነው። በግላስጎው በ1995 የቡድን አሠራር ሲጀመር በዙሪያው ያሉት አካባቢዎች ገና አልጀመሩትም ነበር። ከዚያ በፊት በግላስጎው በጡት ካንሰር የሚሞቱት ከአጎራባቾቹ በ11 በመቶ ይበልጡ ነበር። ከተጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ተገልብጦ በ18 በመቶ አነሱ። በ2012 የታተመው ይህ ጥናት ከ13,000 በላይ ሴቶችን መዝገብ የመረመረ ነው። ሁሉንም ለውጥ ያመጣው ስብሰባው ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ሙሉ ቡድን የማይገኝበት ቦታ ብዙ ነው። የጨረር ሐኪም ወይም ፓቶሎጂስት በሌለበት፣ ያሉት ሁለትና ሦስት ባለሙያዎች በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ተቀምጠው ቢመካከሩና የጎደለውን በስልክ ወይም በቪዲዮ ከሌላ ሆስፒታል ቢያሟሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚወስን ይሻላል። የሐኪም ዲግሪ የሌለው ሰው የሚሠራው ሥራም ቀላል አይደለም። ሃሮልድ ፍሪማን የተባለ ቀዶ ሐኪም በ1990 በኒውዮርክ ሃርለም፣ ታማሚዎችን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እያደረሰ ቀጠሮና ወረቀት የሚያስጨርስ መሪ ሰው መደበ። ነጻና ርካሽ ምርመራም ተጨመረበት። በዚያ ሆስፒታል በጡት ካንሰር ተይዘው አምስት ዓመት የሚቆዩት ከመቶ 39 ከነበሩት ወደ 70 ከፍ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የጀመረው ዕቅድም የሚለካው በመሣሪያ ብዛት አይደለም። ከመቶ 60 የሚሆኑት ታማሚዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች እንዲገኙ፣ ምርመራው ታማሚዋ ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ፣ ከመቶ 80 የሚሆኑት የጀመሩትን ሕክምና እንዲጨርሱ ይጠይቃል። ስለዚህ ምክክር ማለት ወራት ማስቆጠር አይደለም። ሁለት ሦስት ሳምንት ወስዶ ምርመራን ማሟላት አንድ ነገር ነው፤ ቀጠሮ በቀጠሮ እየተሻገረ ሦስትና አራት ወር ማለፉ ግን ራሱን የቻለ ጉዳት ነው።

ታማሚዋ ወይም ቤተሰቧ ሊጠይቁ የሚገባቸው ጥያቄዎችም ከዚሁ ይወጣሉ። የሆርሞን ተቀባዩና የሄር2 ውጤት ደርሷል ወይ? ጉዳዬ በስብሰባ ታይቷል ወይስ ገና ነው? ለእኔ መድኃኒት ነው የሚቀድመው ወይስ ቀዶ ሕክምና፣ ለምን? ሕክምናው ሲጀመር ችግር ቢገጥመኝ የምደውለው ለማን ነው? የፓቶሎጂውን ወረቀት ቅጂ መያዝም ተገቢ ነው፤ ሆስፒታል ቢቀየር፣ ሁለተኛ አስተያየት ቢፈለግ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

ያ ወረቀትም ዘላለማዊ አይደለም። ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ በአጥንት፣ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ከተመለሰ፣ በተቻለ መጠን ከአዲሱ ቦታ ናሙና ተወስዶ ተቀባዮቹ እንደገና ይመረመራሉ፤ በመጀመሪያው ዕጢ ላይ የነበረው በሁለተኛው ላይ ላይኖር፣ ያልነበረውም ሊኖር ይችላልና። ቡድኑም እንደገና ይቀመጣል፤ በዚህ ጊዜ የሕመም ማስታገሻ ባለሙያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይቀመጣል። ብዙ ቦታ የሚጠራው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ይህም የጊዜ ስሕተት ነው።